በ2800 ብር የገዛሁት የደም ግፊት መለኪያ፣ ከአንድ ዓመት የዋርድ ሥራ በኋላ

የሁለተኛ ዓመት የነርስነት ተማሪ ሳለሁ፣ ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል ልንወጣ ሳምንት ሲቀረን ነው የገዛሁት። ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ካሉት የሕክምና ዕቃ መደብሮች በአንዱ ከነማዳመጫው 2800 ብር ከፈልኩ። በእጅ የሚነፋ፣ ባለ መርፌ፣ ሰማያዊ የናይለን የክንድ ማሰሪያ ያለው፣ ዚፕ ባላት ትንሽ ቦርሳ የሚያዝ ነው። የተመደብንበት ዋርድ ውስጥ የሚሠራው መለኪያ አንድ ብቻ ስለነበር የራስ መያዝ ግድ ሆነብን። ዘንድሮ ለምትወጡ ተማሪዎች በዓመቱ ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

የምወድለት ቫልቩን፣ ማለትም አየር ማስወጫውን ነው። አየሩን በሰከንድ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት አሃድ) እያወረድን እንድናዳምጥ ነው የተማርነው። የጓደኛዬ መለኪያ ቫልቩ ጥቂት ሲላላ መርፌው ከ160 ተነሥቶ 120 ላይ ይወድቃል፤ የላይኛው ቁጥር የሚነበብበት የመጀመሪያው ምት የት ላይ እንደነበረ ሳይታወቅ ያልፋል። የእኔው በሁለት ጣት ቀስ ብሎ ይታዘዛል። ሩሲያዊው ሐኪም ኮሮትኮቭ እ.ኤ.አ. በ1905 የገለጻቸውን፣ የማሰሪያው አየር ሲወርድ በማዳመጫ የሚሰሙትን የደም ምት ድምፆች ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቼ የሰማሁት በዚሁ መለኪያ፣ በእናቴ ክንድ ላይ ነው። ቴሌቪዥኑን አስጠፍቼ፣ አምስት ደቂቃ ሙሉ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ አስደግፌ፣ ክንዷን በልቧ ልክ ትራስ ላይ አሳርፌ ለካሁ። ጸጥ ብሎ የቆየው ክንድ ድንገት ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ሲጀምር የተሰማኝን ደስታ አልረሳውም።

አየር ማፍሰስ አለማፍሰሱንም ቤት ውስጥ ፈትኜዋለሁ። ማሰሪያውን የሻይ ፔርሙዝ ላይ ጠምጥሜ እስከ 200 ነፋሁና ቫልቩን ዘግቼ ሰዓት ያዝኩ። በደቂቃ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ መውረድ የለበትም፤ የእኔው 2 ብቻ ወረደ። መደብሩ ውስጥ ቆማችሁ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም አትፈሩ።

ማዳመጫው ደካማ ነው። የጆሮው ጫፍ ደረቅ ፕላስቲክ በመሆኑ ያማል፤ ጠያቂ በሚበዛበት ሰዓትም በእሱ ምት መስማት ከባድ ነው። በሁለተኛው ወር ሌላ ገዛሁ።

ዋናው ቅሬታዬ ግን ከመለኪያው ጋር የሚመጣው ማሰሪያ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ጨርቁ ላይ ከ27 እስከ 34 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ክንድ ተብሎ ተጽፎበታል። ስገዛው ጽሑፉን አላስተዋልኩትም። በቅድመ ወሊድ ክትትል ክፍል አንዲት ሞላ ያሉ ነፍሰ ጡር እናት መጡና ለካኋቸው፤ 150 በ94። በእርግዝና ጊዜ 140 በ90 መድረስ ራሱ የሚያሰጋ በመሆኑ ልቤ ደነገጠ። እሳቸውም ፊቴን አይተው «ምነው ልጄ፣ ምን አገኘሽብኝ?» አሉኝ። ደግሜ ብለካም ያው ሆነ። ወደ ክፍሉ ኃላፊ ሄጄ «ሲስተር፣ እባክዎ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አልኳቸው። ሲስተር መለኪያዬን አልነኩም። ከጋውናቸው ኪስ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥተው የእናትየዋን ክንድ ከትከሻና ከክርን መሐል ለኩት፤ 38 ሴንቲ ሜትር። ከመሳቢያ ትልቁን ማሰሪያ አውጥተው፣ አምስት ደቂቃ አሳርፈው፣ ሳያነጋግሯቸው ለኩ። 128 በ80። «ክንዱን ሳታዪ ቁጥሩን አትመኚ» አሉኝ።

ማሰሪያው ሲጠብ ቁጥሩ ያለ አግባብ ይጨምራል፤ ሲሰፋ ይቀንሳል። በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ርዝመት የክንዱን ዙሪያ 80 በመቶ፣ ስፋቱም 40 በመቶ ያህል መሸፈን አለበት። ይህንን ለፈተና በቃሌ ይዤው ነበር። እኚያ እናት ግን በእኔ ቁጥር ብቻ የግፊት መድኃኒት ሊጀምሩ፣ ሌሊቱን በሥጋት ሊያድሩ ይችሉ ነበር። የሚብሰኝ ደግሞ ተቃራኒው ነው። በከሲታ ክንድ ላይ ሰፊ ማሰሪያ ታስሮ እውነተኛው ግፊት ተደብቆ ቢቀርስ? ያንን ማንም አይጠራጠርም፤ ደህና የሚመስል ቁጥር ማንንም አያስደነግጥምና። የሚሸጡት ሰዎች «ክንዱ ስንት ነው?» ብለው ሲጠይቁ አንድም ቀን አልሰማሁም፤ ይህ ያናድደኛል።

በሰባተኛው ወር ሌላ ችግር መጣ። አየሩ ሙሉ በሙሉ ወጥቶም መርፌው ዜሮ ላይ መመለሱን ትቶ 6 ላይ ቆመ። ወደ መደብሩ ወሰድኩት። ሻጩ «ስድስቷን እየቀነስሽ መዝግቢ» አለኝ። ዜሮ ላይ በ6 የሳተ መርፌ 150 ላይም በዚያው ልክ እንደሚስት ማን ማረጋገጫ ይሰጠኛል? አልቀበልም ብዬ ተከራከርኩ፤ በመጨረሻ ባለ መርፌውን ክፍል በ700 ብር ቀየረልኝ። ባለ መርፌ መለኪያ በመውደቅና በመንገጫገጭ ይዛባል፤ በየስድስት ወሩ ከትክክለኛ መለኪያ ጋር ማስተያየት ያስፈልጋል። አሁን ቦርሳዬን ከነመለኪያው ታክሲ ወለል ላይ አላስቀምጥም።

ናይለኑ በአልኮል በተነከረ ጥጥ በቀላሉ ይጸዳል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም፤ ያው ጨርቅ ከአንዱ ታማሚ ክንድ ወደ ሌላው የሚዞር ነውና። የማሰሪያው መያዣ ግን እየላላ ነው፤ ከ180 በላይ ስነፋ ተርተር እያለ መላቀቅ ጀምሯል።

የሚሸጥላችሁ መደብር ትልቁንና ትንሹን ማሰሪያ ለብቻቸው የማያቀርብ ከሆነ ሌላ ሱቅ ፈልጉ። እኔ ትልቁን በ650 ብር አገኘሁት። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቱቦው ከእናንተ መለኪያ ጋር መግጠሙን እዚያው አረጋግጡ፤ የመጀመሪያው አልገጠመልኝምና መልሼ ለመቀየር ሌላ ቀን ፈጅቶብኛል። ሜትሩን ከእናቴ የስፌት ሣጥን ወስጃለሁ። አሁን ከማዳመጫው ጋር ተጠቅልሎ በጋውኔ ኪስ ውስጥ ይውላል።