ከዚራ ወይስ ጁገል? በድሬዳዋና በሐረር በእግር እየዞሩ ለሚበሉና ለሚጠጡ

ወደ ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው ብዙውን ጊዜ ድሬዳዋን የሚያውቃት በአውሮፕላን ማረፊያዋ ብቻ ነው። ይወርዳል፣ ሻንጣውን ሚኒባስ ላይ ያስጭናል፣ የደንገጎን ዳገት ሽቅብ ይዞ ወደ ሐረር ይገሰግሳል። ለሆዱ የሚያስብ ሰው እንዲህ አያደርግም። ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ቢሆንም፣ በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር መብላትና ጁገል በሚባለው የሐረር አሮጌ ከተማ ግንብ ውስጥ መብላት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የእኔ ምክር መጀመሪያ ሰዓቱን ምረጡ የሚል ነው። ማለዳና ማታ የድሬ ናቸው፤ እኩለ ቀን የሐረር ነው።

ለእግር የሚመቸው የቱ ነው ከተባለ፣ ከዚራ ያለ ክርክር ያሸንፋል። የባቡር ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ሲደርስ የተቆረቆረ ሰፈር ስለሆነ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ መሬቱ ሜዳ፣ ግራና ቀኙ በዛፍ የተሸፈነ ነው። ጉልበቱን የሚያመው አባት ይዞ የመጣ ሰው ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ተነስቶ ቀስ እያለ፣ በየካፌው እያረፈ መዞር ይችላል። ጁገል ግን ዳገትና ቁልቁለት ነው። በ48 ሄክታር ላይ ከሦስት መቶ በላይ ጠባብ መተላለፊያዎች ስላሉ መጥፋት አይቀርም። ደግነቱ ዙሪያው ግንብ ነውና ርቆ የሚጠፋ የለም፤ ያገኙትን ሰው መሃል ያለውን አደባባይ «ፈረስ መጋላ በየት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ጫማ ግን ይታሰብበት።

ቁርስ ላይ ሁለቱም ከተሞች ፉልና ፈጢራ አላቸው። በጣዕም ብቻ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ይከብደኛል። ያም ሆኖ ድሬን የምመርጠው በአየሩ ምክንያት ነው። ከተማዋ የምትገኘው ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ቀኑ ያቃጥላል፤ ስለዚህ ሰው በጊዜ ይወጣል፤ ትኩስ ዳቦና ቅመም የገባበት ሻይ የሚጣጣመውም ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ከተማዋን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቀፊራ ገበያ ለመሄድ የሚፈልግ ካለ ያኔ ይሂድ። ጿሚ ከሆናችሁ ፉሉ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል እንዲሠራ አስቀድሞ መናገር ነው፤ የሚቸገር የለም። ረፋዱ ላይ ሙቀቱ ሲጀምር የጭማቂ ቤቶቹ ተራ ይመጣል። ፓፓያው፣ ማንጎውና ብርቱካኑ ከሞቃቱ አካባቢ ስለሚመጣ፣ በጭማቂ ድሬን የሚወዳደራት የለም። ሐረር በዘይቱንና በጊሽጣ ትካሳለች፤ እነዚህ ግን ወቅታቸውን ጠብቀው የሚመጡ ናቸው።

ቀትር ላይ ግን ድሬ ውስጥ አትቆዩ። ሱቁ ይዘጋል፤ ሰውም ቤቱ ይገባል። ሐረር ከስድስት መቶ ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለምትገኝ በዚያ ሰዓት መዞር ይቻላል። ከፈረስ መጋላ በልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ መኪና ግርግር በሚባለው በኩል ወርዶ ወደ ግድር መጋላ ገበያ መድረስ ራሱ የምግብ ፍላጎት ይከፍታል። ሥጋ ቤቶቹ እዚያ ናቸው፤ ጭላቶቹም ከላይ እያንዣበቡ ቁራጭ ሥጋ ይጠብቃሉ። በእጁ ሥጋ ይዞ የሚሄድ እንግዳ ቢጠነቀቅ ይሻለዋል። የግመል ሥጋ ለመቅመስ የሚፈልግ ሰው የሚመርጠው ሐረርን ነው፤ በሳምቡሳ ውስጥ ሆኖ ሲመጣም ለጀማሪ አይከብድም። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ ከሆናችሁ ሥጋው የምን እንደሆነና የማን ቤት እንደሆነ መጠየቅ እዚህ የተለመደ ነው፤ ማንም አይቀየምም። ለጣፋጭ ወዳጆች ደግሞ ሙሸበክ አለ፤ ጣት ማጣበቁን ችሎ ለሚበላው።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ምሳ በጊዜ ይበላ። ከቀትር በኋላ በሁለቱም ከተሞች የጫት ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተርቦ የሚመጣ ሰው ድስቱ ባዶ፣ አስተናጋጁም ዝምተኛ ሆኖ ሊያገኘው ይችላል።

ቡና ላይ ፍርዱ ለሁለት ይከፈላል። ለመቀመጥ ከሆነ ከዚራ፤ ማኪያቶ አዝዞ ከዛፍ ሥር አላፊ አግዳሚውን ማየት የሚያምረው እዚያ ነው። ለመግዛት ከሆነ ጁገል። የሐረር ቡና ከነገለፈቱ በፀሐይ የሚደርቅ ስለሆነ የፍራፍሬ ቃና አለው። በግንቡ ውስጥ ካሉት መቁያዎች ሲቆላ እያያችሁ፣ እየሸተታችሁ መግዛት ትችላላችሁ፤ ወደ ውጭ አገር ለሚመለስ ዘመድ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላውቅም። ከቡና ቅጠል የሚፈላው ቁጢ በቤት የሚጠጣ ነገር ነውና ካፌ ለካፌ አትፈልጉት፤ ጋባዥ ካገኛችሁ ግን እንቢ አትበሉ።

ቢራውን በአጭሩ ልለፈው። የሐረር ቢራ ፋብሪካ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ጥቁሩ ሐኪም ስታውትም ስሙን የወሰደው ከከተማዋ ተራራ ነው። ነገር ግን ሐረር የጠመቀችው ቢራ የሚጣፍጠው ድሬ ላይ ነው፤ ሙቀቱ ያጣፍጠዋል። በጁገል ውስጥ መጠጥ ቤት ጥቂት ነው፤ መጠጣት የፈለገ ከበሩ ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ ይሂድ። አልኮል የማይወስድ ሰው በሁለቱም ቦታ ቀዝቃዛ የባቢሌ ውሃ ወይም ሶፊ ማልት አዝዞ ከጓደኞቹ እኩል መቀመጥ ይችላል።

እራት ያለ ጥርጥር ድሬ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ወንበሩ ወደ ውጭ ይወጣል፤ ልጆችን ይዘው የሚመጡ ቤተሰቦች፣ ወጣቶችና ነጋዴዎች አንድ መንገድ ላይ ያመሻሉ ማለት ይቻላል፤ ሩዝ በፍየል ሥጋም ሆነ ፓስታ ማዘዝ ይቻላል፤ ሁለቱም ለከተማዋ እንግዳ አይደሉም። የሐረር ምሽት የጅቦች ነው። ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲመገብ ማየት የምትፈልጉ ከሆነ ግን በጊዜ በልታችሁ እዚያው እደሩ፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማ መውረዱን አልመክርም።

አንድ ቀን ብቻ ላለው እንግዲህ፦ ቁርስ ከዚራ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ጉዞ፣ ምሳና ቡና ጁገል፣ ከመምሸቱ በፊት መመለስ። ግንቦትና ሰኔ ላይ የምትመጡ፣ ሙቀትም የማትችሉ ከሆነ ይህን ሁሉ ተዉትና ሐረር እደሩ። በረመዳን ደግሞ ቀኑን ብዙ ምግብ ቤቶች ስለሚዘጉ ስንቅ ያዙ፤ የማፍጠሪያው ሰዓት ሲደርስ ግን የትኛውም ከተማ ውስጥ ብትሆኑ ትኩስ ሳምቡሳ አታጡም።