የ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ፦ የእንግሊዝኛ ክፍል ወይስ የኅብረተሰብ ትምህርት?

ሁለቱም ግዴታ ነበሩ። ለተማሪው የበለጠ የጠቀመው የቱ ነው? እኔ ለእንግሊዝኛው አደላለሁ።

እዚያ ሼክስፒር ይነበባል፤ ድርሰት ይጻፋል። እኔን የሚማርከኝ ግን ዓረፍተ ነገርን በሥዕል መበተን ነው። የሰዋስው መጽሐፍ ጸሐፊዎቹ ሪድና ኬሎግ እ.ኤ.አ. በ1877 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። አግድም መስመር ይሰመራል። ባለቤቱና ግሱ ከላዩ ይጻፋሉ፤ አጭር ቋሚ መስመር ይለያቸዋል። ገላጭ ቃላት ከሥር በሰያፍ ይንጠለጠላሉ። አሰልቺ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ግን ተማሪው የተምታታ ሐሳቡን በዓይኑ ያየዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የኅብረተሰብ ትምህርቱ ታሪክን፣ ጂኦግራፊንና ሲቪክስን ያጣምራል። በ1916 አንድ የመምህራን ማኅበር ኮሚቴ ለ12ኛ ክፍል ያቀረበው «የዴሞክራሲ ችግሮች» የሚባል ኮርስም ነበረበት። ሐሳቡ ግሩም ነው፦ ወጣቱ የዘመኑን ጉዳይ ይወያይበት። ችግሩ ጊዜው ነበር። የኮሚኒዝም ፍርሃት ነግሦ፣ በብዙ ግዛቶች መምህራን የታማኝነት መሐላ እንዲፈርሙ ይጠየቁ ነበር። ታዲያ ማን ደፍሮ ያከራክር?

በገንዘብ በኩል ግን ሁለቱም ተረስተዋል። ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክ የተባለችውን ሳተላይት ካመጠቀች በኋላ በ1958 የወጣው የትምህርት ሕግ የማስተማሪያ መሣሪያ ድጎማውን ለሳይንስ፣ ለሒሳብና ለውጭ ቋንቋ ሰጠ። እንግሊዝኛና ታሪክ የተጨመሩት በ1964 ነው።