ሞቺ ስትገዙ የትኛውን? ትኩሱን፣ በሳጥን የታሸገውን ወይስ ባለ አይስክሬሙን

ሞቺ ከሚጣበቅ ሩዝ የሚሠራ የጃፓን ምግብ ነው። ጃፓን የጣፋጭ ሱቅ ስትገቡ ሁሉም ሞቺ አንድ ይመስላል። ክብ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ዱቄት ተነስንሶበታል። ጣዕሙ ግን ለየቅል ነው። ለመምረጥ መቼ እንደምትበሉት ማወቅ ይበቃል።

ዛሬውኑ ከሆነ ያለ ጥርጥር ትኩስ ዳይፉኩ፣ ማለትም መሃሉ በጣፋጭ የተሞላ ሞቺ፣ ግዙ። ሞቺጎሜ የሚባለው የሚጣበቅ ሩዝ በእንፋሎት ይበስልና ይወቀጣል። ድሮ በእንጨት ሙቀጫ ነበር፣ አሁን አብዛኛው በማሽን ነው። መሃሉ ላይ አንኮ አለ፤ አዙኪ የተባለው ትንሽ ቀይ አደንጓሬ በስኳር ተቀቅሎ ማለት ነው። ከሁሉም የምመርጠው ባለ አተሩን ነው። ነጩ ሽፋን ላይ ጠቆር ያሉ የተቀቀሉ የአተር ፍሬዎች እዚህም እዚያም ብቅ ብቅ ይላሉ። ስትነክሱት መጀመሪያ ጨው ጨው ይላል፣ ጣፋጩ ከኋላ ይደርሳል። ስኳር የማይወድ ሰው እንኳ አንዱን ይጨርሳል። ኪዮቶ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1899 የተከፈተው ደማቺ ፉታባ የተባለው ሱቅ በዚህ ስሙ የገነነ ነው። ሰልፉን ግን ቻሉት።

ጉዱ አለማደሩ ነው። በማግስቱ ይደርቃል። ፍሪጅ ከገባማ አለቀለት፤ ቅዝቃዜው የሩዙን ስታርች ያጠጥረዋል።

ለስጦታ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ በሳጥን የታሸገው ይሻላል። ሽፋኑ ብዙ ጊዜ ጊዩሂ ነው፤ የሩዝ ዱቄት ከብዙ ስኳር ጋር ተቦክቶ የሚሠራ። ስኳሩ ለስላሳ አድርጎ ያቆየዋል። እውነቱን ለመናገር የሩዙ ጣዕም በስኳሩ ይዋጣል። ሻጩን መጠየቅ ካልቻላችሁ የመጠቀሚያ ቀኑን እዩ። የዛሬ ቀን ካለበት ትኩሱ ነው፣ ሳምንታት ካሉት የስጦታው ነው።

ባለ አይስክሬሙ ለሙቀት ቀን ነው። ሎቴ የተባለው ኩባንያ ዩኪሚ ዳይፉኩን እ.ኤ.አ. በ1981 አወጣ፤ አንድ ማሸጊያ ውስጥ ሁለት ፍሬና ትንሽ መውጊያ አለ። አሜሪካ ያላችሁ ተመሳሳዩን ከሱፐርማርኬት ፍሪዘር ታገኛላችሁ። እንደወጣ አትንከሱት፣ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። ወተት ስላለው ለጾም አይሆንም፤ ተራው ዳይፉኩ ግን ሩዝ፣ አደንጓሬና ስኳር ነው። ክሬም የገባበትም ስላለ ጠይቁ።

ኪሪሞቺ የሚባለውን ደረቅ ቁራጭ ጣፋጭ መስሏችሁ እንዳትገዙ። እሱ ተጠብሶ ወይም ሾርባ ውስጥ ገብቶ ነው የሚበላው።

የትኛውንም ብትገዙ ለሕፃናትና ለአረጋውያን በጣም አድቅቃችሁ ቁረጡላቸው። ጃፓን ውስጥ በየአዲስ ዓመቱ ሞቺ ጉሮሯቸው ላይ ተሰንቅሮ የሚሞቱ አረጋውያን አሉ።