ፋየርፕሌስ፣ የብየዳ ቤት ምድጃ ወይስ የውጭ ዕቃ? ለከተማ ዳር ቤት የማገዶ ምድጃ ንጽጽር

ወደ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ ወይም ለገጣፎ ወጥቶ ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ውሃና ስለ መንገድ ነው። ስለ ብርዱ የሚጠይቀው ከገባ በኋላ፣ ኅዳር ላይ ነው። ሱሉልታም ሰንዳፋም ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትርን ያልፋሉ፤ እንጦጦማ ከ3,000 በላይ ነው። መሀል ከተማ በጃኬት የሚታለፈው የታኅሣሥ ሌሊት እዚህ ሣሩ ላይ ውርጭ ጥሎ ያድራል። “በጥቅምት አንድ አጥንት” ይባላል፤ አጥንቱ ሆድ ያሞቅ ይሆናል፣ ሳሎን ግን አያሞቅም።

ሳሎኑን በማገዶ ማሞቅ ለፈለገ ሰው ገበያው ሦስት ነገር ያቀርብለታል፦ ግድግዳ ውስጥ የሚገነባ ፋየርፕሌስ፣ ብየዳ ቤት የሚሠራ ዝግ የብረት ምድጃ፣ ከውጭ የሚመጣ ከባድ የጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ምድጃ። የኔን ሐሳብ ከመጀመሪያው ልናገርና ልገላገል፦ ለአብዛኛው ቤት የሚሻለው መሀለኛው ነው፤ የሚተርፈውን ገንዘብ ጭስ ማውጫውና ደረቅ ፍልጡ ላይ ያውሉት።

ምርጫውን የሚወስነው የብርዳችን ጠባይ ነው። በበጋ ቀኑን ፀሐይ ቤቱን ታሞቀዋለች፤ ፀሐይ እንደገባች ግን ቅዝቃዜው ባንዴ ይወርዳል። እሳት የሚፈለገው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ወይም 5 ሰዓት ድረስ ነውና ቶሎ የሚግል ምድጃ ያስፈልጋል። በክረምት ደግሞ ብርዱ ያን ያህል አይከፋም፤ የሚከፋው እርጥበቱ ነው። ብርድ ልብሱም፣ ግድግዳውም፣ ማገዶውም ይረጥባል።

ፋየርፕሌስ፦ ለዓይን

ፋየርፕሌስ ያምራል፤ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ያልተነሳ እንግዳ የለም። ሙቀቱን ለብቻው ካየነው ግን ነገሩ ሌላ ነው። አፉ ክፍት ስለሆነ እሳቱ የክፍሉን አየር እየሳበ በጭስ ማውጫው ያወጣዋል፤ በምትኩ በበርና በመስኮት ሥር ቀዝቃዛ አየር ይገባል። ፊትዎ ሲጠበስ ጀርባዎ ይበርዳል። ከማገዶው ጉልበት ለቤቱ የሚቀረው ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ከፋብሪካ የሚወጣ ጥሩ ዝግ ምድጃ ግን 70 በመቶና ከዚያ በላይ ያስቀራል።

በሚጨበጥ ነገር እናስላው። አንድ ኪሎ ደረቅ ፍልጥ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው፤ 2,000 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሁለት ሰዓት ቢሠራ ማለት ነው። ያው ኪሎ ፋየርፕሌስ ውስጥ ሲነድ ለክፍሉ የሚደርሰው ማሞቂያው 20 ደቂቃ እንኳ ያልሠራውን ያህል ነው። ዝግ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ከ1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ የሠራውን ያህል ይሆናል። የብየዳ ቤቱ ምድጃ ከፋብሪካው ዝቅ ይላል፤ ከፋየርፕሌስ ጋር ግን ለውድድር አይቀርብም።

ቤቱን ከነፋየርፕሌሱ የገዙት ከሆነ ማፍረስ አያስፈልግም። በር ያለው የላሜራ ሣጥን በልኩ አስበይደው አፉ ውስጥ ያስገቡና ቱቦውን በነባሩ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ያውጡት። ውበቱ ይቀንሳል፣ ማገዶው ግን ይበረክታል።

የብየዳ ቤት ምድጃ፦ ምን ብለው ይዘዙ?

መርካቶ ምናለሽ ተራም ሆነ ሰፈርዎ ያለ ብየዳ ቤት ይሠራልዎታል። ልዩነቱ ያለው ትዕዛዙ ላይ ነው። “ምድጃ ሥራልኝ” ብቻ ካሉት እጁ ላይ ባለው ላሜራ ይሠራዋል፤ እሱም 2 ሚሊ ወይም ከዚያ የሳሳ ሊሆን ይችላል። 2 ሚሊ ላሜራ እሳት ሲበዛበት ይጣመማል፣ በሩም አልገጥም ይላል። ለጎኑ 4 ሚሊ፣ ለላይኛው ፊት 6 ሚሊ ብለው ይዘዙ። ከበርሜል የሚሠራው ርካሽ ነው፤ የበርሜል ብረት ግን ከ1 ሚሊ ብዙም ስለማያልፍ ቶሎ ይበሳል። ከዚያም በላይ በርሜሉ ቀድሞ ምን እንደያዘ አይታወቅም።

ፍርግርጉ ከወፍራም ፌሮ ይበየድ፤ ግን ከሣጥኑ ጋር እንዳይበይዱት፣ ተነቃይ ይሁን። ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነውና ሲያልቅ እሱን ብቻ ይቀይራሉ። ከበሩ ሥር አየር የሚያስገባ፣ በተንሸራታች ብረት የሚከፈትና የሚዘጋ ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ የእሳቱ መሪ እሱ ነው። ውስጡን እሳት በሚችል ጡብ ቢያስለብሱት ብረቱም ይቆያል፣ እሳቱም ይበልጥ ግሎ ጭሱን ራሱን ያቃጥለዋል።

ከመረከብዎ በፊት የስልክዎን ባትሪ አብርተው ውስጥ ያስቀምጡ፤ በሩን ይዝጉና ጨለም ያለ ቦታ ላይ ዙሪያውን ይዩት። በብየዳው መስመር ላይ ብርሃን የሚያሳይ ነገር ካለ እዚያው ይደፈን። ከዚያ የጋዜጣ ቁራጭ በሩ ላይ ጣል አድርገው ዘግተው ይሳቡት። ሳይቸገር ከወጣ በሩ አልገጠመም።

አንዳንዱ ለጀበና ብሎ ላይኛው ፊት ላይ ክብ ቀዳዳ ያስወጣል። እኔ አልመክርም፤ ጭስ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ዝርግ ፊቱ ለሹሮ ድስት ይበቃል፣ ጀበናውም ጊዜ ወስዶም ቢሆን ይፈላል።

መጀመሪያ ሲለኩሱት ግቢ ውስጥ ይሁን። የብረቱ ዘይትና ቀለም የሚያወጣውን ሽታ ሳሎን ውስጥ አይፈልጉትም።

የውጭው የጊዛ ምድጃ

ጥሩ ዕቃ ነው፤ ይህን የምክድበት ምክንያት የለኝም። አብዛኛው 100 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ለመጋል ዘግየት ይላል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ልጆች ላሉበት፣ እሳት ቀኑን ሙሉ ለሚነድበት ቤት ዋጋውን ያወጣል። ማታ ለሦስት ሰዓት ብቻ ለሚለኩስ ሰው ግን ያ ሁሉ ክብደት ብዙም አይጠቅምም። ጊዛ ሲሰነጠቅ ደግሞ ማንም ብየዳ ቤት እንደ ላሜራ አይጠግነውም፤ የበሩ መስታወትና ዙሪያውን የሚያጥረው ገመድ ሲያልቁም ምትክ መፈለግ አለ። ያገለገለ ከሆነ ጎኑን በቁልፍ መታ መታ ያድርጉት፤ ጤነኛው ጥርት ብሎ ያቃጭላል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው።

ገንዘቡ የሚገባው እዚህ ነው፦ ጭስ ማውጫ

ምድጃው አጨሰ ብለው ከሚያማርሩት ብዙዎቹ የሚያማርሩት ጭስ ማውጫቸውን ነው። በ2,600 ሜትር ከፍታ አየሩ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ለቆላማ አገር የተጻፈው መመሪያ ለኛ አይበቃም፤ ቱቦው ረዘም ማለት አለበት። ስፋቱ 15 ሳንቲ ሜትር፣ ከምድጃው እስከ ጫፉ 5 ሜትር ያህል ይሁን። ጫፉም በ3 ሜትር ርቀት ውስጥ ካለው የጣሪያ ክፍል ሁሉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል። መታጠፊያ አያብዙ። በግድግዳ በኩል አውጥተው በክርን ሁለት ጊዜ የሚያዞሩት ቱቦ ጭስ አይስብም፤ ያውም ቀዝቃዛው ቦታ ላይ ሬንጅ የመሰለ ጥቀርሻ ይሰበስባል፣ ያ ጥቀርሻ ደግሞ አንድ ቀን በእሳት ይያያዛል።

ከምድጃው የሚነሳው የመጀመሪያው ሜትር ዚንክ የተቀባ ሳይሆን ጥቁር ላሜራ ይሁን፤ ዚንክ ሲግል የሚያወጣው ጭስ መርዛማ ነው። ነጠላ (ድርብ ያልሆነ) ቱቦ ከእንጨት ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ። ኮርኒሱ ችፑድ ከሆነ ቱቦው የሚያልፍበትን ቦታ በሰፊው ቆርጠው በላሜራ ይተኩት፤ ከላይ ያለውን አጣናም አይርሱ። ምድጃውን ራሱን ከጭቃ ቤት ግድግዳ 90 ሳንቲ ሜትር ያርቁት፤ ጭቃው ባይነድም ውስጡ ያለው ማገር ይነዳል።

ፍልጥ

እርጥብ ባሕር ዛፍ ግማሽ ክብደቱ ውሃ ነው። በኪሎ ሲገዙ ውሃ ይገዛሉ፤ ሲያነዱትም እሳቱ አስቀድሞ ውሃውን ያፈላል፣ የተረፈው ነው ለእርስዎ። ፍልጡን ጥርና የካቲት ላይ፣ ዋጋውም ፀሐዩም ደህና ሳለ ይግዙ። ባሕር ዛፍ ከደረቀ በኋላ መፍለጥ ፈተና ስለሆነ በእርጥቡ ያስፈልጡት፤ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ከላይ በቆርቆሮ ከልለው፣ ጎኑን ግን ለንፋስ ትተው ይከምሩት። ሁለት ፍልጥ ሲጋጩ “ቋ” ካለ፣ ጫፉም ከተሰነጣጠቀ ደርሷል። ጭራሮና የደረቀ ቅጠል ለማስነሻ ይበቃል፤ ላስቲክ አይጨምሩበት።

“ምርጥ” የተባለውን ማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ለዚህ የሚጠይቅም አለ። እሱ የእንጀራ ነው፤ ከክፍት እሳት ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል፣ ቦታው ግን ማዕድ ቤት ነው።

ከሰልና ኪራይ ቤት

ከሰል ቆጣቢዋ ላቀችም ሆነች ተራ የከሰል ምድጃ ለመኝታ ቤት ማሞቂያ አይሆንም። ፍሙ አመድ ለብሶ ጭሱ ሲጠፋ “አሁን ደህና ነው” ይባላል፤ የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ከዚያ ፍም እየወጣ ነው። የማገዶ ምድጃም ቢሆን ፍም ሳለበት የቱቦውን መዝጊያ ጥርቅም አድርጎ መተኛት ያው ነው።

ተከራይ ከሆኑና አከራዩ ጣሪያዬ አይነካም ካለ፣ ከሦስቱ አንዱም አይሆንልዎትም። ዘይት ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይግዙ። 2,000 ዋቱ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል፤ ስለዚህ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ባለው ሶኬት ይሰኩት እንጂ በቀጭን ማከፋፈያ አይሁን። መብራት ለሚጠፋባቸው ማታዎች ደግሞ ወፈር ያለ ጋቢ።