የፊደል ገበታ፦ የታተመው ይሻላል ወይስ በእጅ የተሳለው?

መስከረም ሲቃረብ ስልኬ አያርፍም። «ለልጄ ሥዕል ያለው የፊደል ገበታ የትኛውን ልግዛ?» ነው ጥያቄው። መልሴን ቀድሜ ልንገራችሁ፦ በእጅ የተሳለውን። ኪሳችሁ ከቻለ ማለቴ ነው።

እዚህ ጎንደር፣ ፒያሳ ላስቲክ የለበሰውን የታተመ ወረቀት 80 ብር አሉኝ፣ በ60 ተስማማን። ርካሽ ነው። ግን ብዙው ከሌላ ገበታ ላይ በስልክ ፎቶ ተነስቶ የታተመ ነው። ሥዕሉ ይደምቃል፣ ፊደሉ ይደበዝዛል። «ነ»ን ከ«ኘ»፣ «ደ»ን ከ«ጀ» የምትለየው አናት ላይ ያለችው ጭረት ድራሿ ይጠፋል። ሳትከፍሉ በፊት እነዚህን አራቱን አስተያዩ። ክረምት ሲገባ ደግሞ እርጥበቱ በላስቲኩ ጠርዝ ሾልኮ ወረቀቱ ይሻግታል። በፕላስተር ልጠግነው ሞክሬ ነበር። ፕላስተሩ ሲነሳ «ሀ»ም አብራ ተነሳች።

ሸራ ላይ የሚሳለው፣ 33ቱ ፊደላት ብቻ ከነሥዕላቸው ከሆኑ፣ 1,500 ብር ይጠራል፤ ተከራክሬ 1,200 አድርሼዋለሁ። 231ዱንም ካላችሁ እጥፍ ነው። ምን አስጨነቃችሁ? ከካዕብ እስከ ሳብዕ ያለውን በደብተሩ ይማረው። ሥዕሉን የምትመርጡት እናንተ ናችሁ። እኛ ቤት «ቀ» አጠገብ የቀለም ቀንድ፣ «መ» አጠገብ መጽሐፍ አለ። ዙሪያውን እንደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ የመላእክት ፊት ከቦታል። «ፈ» ላይ የፋሲልን ግንብ ስጠይቅ ሰዓሊው «እሱማ በ‹ፋ› ነው የሚጀምረው» ብሎ ፈረስ ሣለልኝ። ቀለሙ ቢላጥ በ100 ብር ያድሱታል። ወረቀቱን ማን ያድሳል?

በውሃ ቀለም ከሚሠሩት ግን ተጠንቀቁ። እህቴ የገዛችውን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውለው ቀዩ ቀለም እስከ ታች ወረደ። ጥጉን በረጠበ ጣት አሸት አድርጉት፤ ከለቀቀ ይቅርባችሁ።

ብራናውስ? ከ5,000 ብር በታች አላገኘሁም። የልጅ እጅ ለሚደርስበት ግድግዳ አይሆንም፤ ለምርቃት ስጦታ ግን ያምራል። ሻይ ቀብተው ያስረጁትን ወረቀት ብራና ነው የሚሉ አሉ። ወደ ብርሃን አንሱት። እውነተኛው የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለሆነ ጸጉሩ የነበረበት ቦታ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። የፋሲል ግንብ በር ላይ ደግሞ የፈረንጅ ዋጋ ነው የሚጠሩላችሁ፤ ወደ ውስጥ ሰፈር ዝለቁ።

የምታሠሩ ከሆነ በነሐሴ ቀብድ አስይዙ፤ ጳጉሜን ላይ ሰዓሊ አይገኝም። ከዋጋው ግማሽ በላይ ግን እንዳትሰጡ።