ደሴ ላይ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ ይህን ልጅ ያዙት

እፎይ ብዬ ነው የምጽፈው። ግቢያችን ቤንዚን ቤንዚን መሽተቱን ተወ። ይህን ያደረገልን ቤታችን ድረስ የመጣ አንድ መካኒክ ነው። እግዜር ይስጠው። ደግሜ እላለሁ፣ እግዜር ይስጠው!

መኪናችን ኮሮላ ዲኤክስ ናት። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ የተሠራች፣ የአባቴ መኪና። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በእሷ ኮምቦልቻ እየተመላለሰ ሠርቶ ነው ያሳደገን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎን ዳገት መውጣትና መውረድ አለ። እሱ ካረፈ በኋላ "ሽጧት" ያላለን ሰው የለም። እናቴ ግን ዛሬም ጠዋት ጠዋት መስታወቷን ትወለውላለች። እንዴት ብዬ ልሽጣት?

ነገሩ የጀመረው ከሽታ ነው። ቤንዚን ይሸተኛል፣ ልብሴም ይሸታል፣ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ አፍንጫቸውን ይይዛሉ። ቀጥሎ ከሥሯ ጠብ ጠብ ማለት መጣ። ማደያ ተሰልፌ፣ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ ውዬ የቀዳሁትን ቤንዚን መሬት ሲጠጣው ማየት እንዴት እንደሚያበግን የተሰለፈ ሰው ያውቀዋል።

ጋራዥ ወሰድኳት። የት እንደሆነ አልናገርም፣ ራሳቸውን ያውቃሉ። አንዱ ሳሙና ለቅልቆባት "አለቀ፣ ሂጂ" አለኝ። ሳሙናው ሁለተኛውን ዳገት አላለፈም። ሌላው "ቱቦ ቀይሬያለሁ" ብሎ ደህና ብር ተቀበለኝ፤ ጭራሽ ባሰባት። ሌላው ደግሞ የቤንዚን ታንከሩ በሙሉ ካልተቀየረ ወይ ፍንክች አለ። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ላንቺ ባስረዳሽ አይገባሽም፣ ወንድምሽን ላኪው" አለኝ። ወንድም የለኝም። ቢኖረኝስ? የምነዳት እኔ፣ የምከፍለው እኔ! ያን ቀን ከንፈሬን ነክሼ ነው ቤት የገባሁት።

በኋላ አብራኝ የምታስተምር ጓደኛዬ የዚህን ልጅ ስልክ ሰጠችኝ። ደወልኩ። ሌሎቹ "አምጫት" ነበር የሚሉኝ። እሱ "ቲቸር፣ ባለችበት ትቁም። እንዳታስነሻት፤ እኔ እመጣለሁ" አለኝ። አብሽሪ ብሎ ዘጋው። መጣም።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። በር ሲገባ እናቴ ግቢ ውስጥ ቡና እያፈላች ነበር፣ ከመኪናዋ ብዙም ሳትርቅ። ከሰሉ ቀልቷል፣ ዕጣኑ ይጨሳል። ልጁ ቀጥ ብሎ ቆመ። የመፍቻ ሳጥኑን እንኳን አልከፈተም።

"እማማ፣ አፉ ይበሉኝና እሳቱ ከዚህ ይነሳልኝ" አለ።

እናቴ ከፋት። "ቡና ቀርቦ አንሱ ይባላል?" አለች። እሱ አልተቆጣም፣ አልሳቀባትም። አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ አስረዳት። የቤንዚን ተን አይታይም፤ ከአየር ይከብዳል፤ ስለዚህ ወደ ላይ አይወጣም፤ መሬት ለመሬት እየተሳበ ሄዶ እሳት ያገኛል። ከዚያ ምድጃውን ራሱ በጨርቅ ይዞ ወደ ጓሮ ወሰደው። ተመልሶ ጀበናውን፣ ከዚያም ዕጣን ማጨሻውን። ስኒዎቹን እኔ ተሸከምኩ። ከእነዚያ ሁሉ ጋራዦች "እሳት አታስጠጉ" ያለኝ አንድም ሰው አልነበረም። አንድም!

ቀጥሎ ባትሪውን ፈታ። አፈር በባልዲ አስመጣና አጠገቡ አስቀመጠ። ውሃ ላምጣ ስለው "ውሃ የቤንዚን እሳትን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ አፈር ይሻላል" አለኝ። የቀረውን ቤንዚን በጀሪካን ተቀበለ። ከሥሯ ገብቶ የሠራውን አትጠይቁኝ፣ አላውቀውም። የገባኝ ይዞት የወጣው ብቻ ነው። ያኛው ጋራዥ ቀየርኩ ያለኝ ቱቦ የውሃ ጎማ ኖሯል! ቤንዚን የውሃ ጎማን እያለሰለሰ ያበላሸዋል፤ ለቤንዚን ተብሎ የሚሠራ ጎማ ለብቻው አለ። በእጄ አስይዞ አሳየኝ፣ ተልፈስፍሷል። "ላንቺ አይገባሽም" አላለኝም። ይኸው ገባኝ።

ሲጨርስ ከሥሯ ካርቶን አነጠፈና "ነገ ሳላያት አትነሳም" ብሎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር፣ ይመጣል ብዬ አልጠበቅኩም። ከሱብሂ ሶላት ሲመለስ በራችንን አንኳኳ። ካርቶኑን ስቦ አወጣ፤ ደረቅ ነው። ለእናቴ ሰጣትና "እማማ፣ ያሽትቱት" አላት። አሸተተችው። ያኔ ነው ፊቷ የበራው። ቡናው እንደገና ተፈላ፣ ጓሮ ሆነን። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አንዱንም ሳያስቀር ጠጣ። እናቴ "እደግ፣ ተመንደግ፣ እጅህ ይባረክ" ትላለች፣ እሱ አሚን ይላል። አባቴ ከሞተ ወዲህ በዚያ መኪና ሥር የገባን ሰው እንዲህ ስትመርቅ አይቻት አላውቅም።

ሒሳቡን ብነግራችሁ አታምኑም። የጎማውን ዋጋና የእጁን ብቻ ጠየቀ። የተረፈውን ቁራጭ ጎማ እንኳን "የራስሽ ነው" ብሎ ሰጠኝ።

እባካችሁ፣ አሮጌ መኪና ያላችሁ፣ በተለይ ሴቶች፣ በተለይ "ወንድምሽን ላኪው" የተባላችሁ፣ ለዚህ ልጅ ደውሉለት። ቤንዚን የሚሸታችሁ ደግሞ ነገ ዛሬ አትበሉ። ደሴም ኮምቦልቻም ይመጣል። ስልኩን እዚህ እንዳልለጥፈው ስለጠየቀኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። ዓርብ ከጁምዓ በፊት ግን አትደውሉለት፣ አያነሳም።