ዜነር ባሪየር ወይስ አይሶሌተር? ጎንደር ላይ ሆኖ ለሚገዛ ሰው

ፒያሳ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ ስልኬ ጮኸ። «ጋሼ፣ ባሪየር ልግዛ ወይስ አይሶሌተር?» ዘንድሮ ይህን የጠየቀኝ አራተኛው ልጅ ነው። ሁለቱም ተቀጣጣይ ነገር ወዳለበት ክፍል የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚገድቡ ዕቃዎች ናቸው፤ ባሪየሩ ትርፉን በዜነር (ቮልት ሲበዛ በሚያሳልፍ ዳዮድ) ወደ ኧርዝ ያፈሰዋል፣ አይሶሌተሩ ሁለቱን ወገን በኤሌክትሪክ ይለያቸዋል። አራቱም የሚጀምሩት ከዋጋ ነው። «ባሪየሩ እኮ ሲሶውን ነው!» ይላሉ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የተበላሁት።

ቦታው ሄክሳን የሚባል በቀላሉ የሚቀጣጠል ፈሳሽ የሚጠቀም የዘይት ማውጫ ነበር። ስድስት ቫልቮች፣ ሁሉም አደገኛው ክፍል ውስጥ። ከፒኤልሲው (ቫልቮቹን ከሚያዘው ኮምፒውተር) ካርድ የሚወጣው ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር ወደ አየር ግፊት መቀየሪያው ይሄዳል፣ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው አየሩ ነው። መሃል ላይ ብልጭታ እንዳይፈጠር ጉልበቱን የሚገድብ ነገር የግድ ያስፈልጋል። አንዱ ባሪየር 5,500 ብር፣ አይሶሌተሩ 19,000። ስድስት ባሪየር ገዛሁና 81,000 ብር አተረፍኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ቫልቮቹ 80 ከመቶ ላይ ሲደርሱ ቀጥ! ፒኤልሲው 100 ብሏል፣ እነሱ ወይ ፍንክች። ሁለት ቀን ሙሉ አየሩን ስጠረጥር፣ ፊልተር ስፈታ ስገጥም ዋልኩ። ነገሩ ግን የስድስተኛ ክፍል ሂሳብ ነበር። ካርዱ 20 ሚሊአምፔር መግፋት የሚችለው እስከ 500 ኦም ድረስ ነው። ያ ማለት 10 ቮልት። «28 ቮልት 300 ኦም» የሚባለው ባሪየር ደግሞ የውስጥ ፊውዙ ሲጨመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ330 ኦም ትንሽ ያልፋል። መቀየሪያው 250 ነው። ድምሩ 580። 10 ቮልትን ለ580 ስታካፍሉት 17 ሚሊአምፔር ይመጣል። 4ን ዜሮ፣ 20ን መቶ ብላችሁ ስታሰሉት ቫልቩ ላይ 81 ከመቶ መሆኑ ነው። አየሩ ምን አጠፋ?

አይሶሌተር ይህ ጣጣ የለበትም። የራሱን 24 ቮልት ስለሚወስድ፣ ጥሩዎቹ ወደ ቫልቩ በኩል ከ650 እስከ 800 ኦም ይገፋሉ። ካርዱ ላይ የሚያርፈው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ብቻውን 8 ወይም 9 ቮልት የሚበላ ስማርት ፖዚሽነር (የቫልቩን አቋም እያየ ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ) ካላችሁ ልዩነቱ ወዲያው ይታያችኋል።

ቀጥሎ ኧርዝ። ባሪየር ያለ ኧርዝ ጌጥ ነው። ከባሪየሩ እስከ ዋናው የኧርዝ ነጥብ ያለው መስመር ከ1 ኦም በታች መሆን አለበት፣ በየጊዜውም ይለካል። እኔ ደርሼ ያየሁት ሽቦ ቀለም በተቀባ የካቢኔ በር ላይ ታስሮ ነበር። አይሶሌተር ግን ለደህንነቱ እንዲህ ያለ ኧርዝ አይፈልግም።

መብረቁም አለ። የጎንደርን ሐምሌ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በአንድ ክረምት ከስድስቱ ባሪየሮች ሦስቱ ሞቱብኝ። ፊውዙ ውስጥ ታሽጎ ስለሆነ አይቀየርም፣ ሙሉው ይጣላል። ይባስ ብሎ ሐምሌ 2016 ላይ ዶላሩ ለገበያ ተለቀቀ። 5,500 የገዛሁት ባሪየር 14,000 ተባለ። ሦስቱ 42,000! ከአዲስ አበባ እስከሚደርስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የቆመውም ሥራ አለ። ያተረፍኩት 81,000 የት እንደገባ ቁጠሩት።

ሳይሞት የሚታመምም አለ። ካርዱ 12 ሚሊአምፔር ይልካል፣ ቫልቩ ጋ 9 ይደርሳል። የተጎዳው ዜነር ልዩነቱን ወደ ኧርዝ ያፈሰዋል። ከባሪየሩ በፊትና በኋላ፣ ደህናው ክፍል ውስጥ ሆናችሁ ለኩ። ተራ መልቲሜትር ይዛችሁ ሄክሳኑ ጋ እንዳትገቡ።

ስለ ኮፒ ልንገራችሁ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እንኳ አልተማርኩም፣ 4,000 ብር ያለኝን ባሪየር ገዛሁ። ሲያዝ ቀለል ይላል። ስነቀንቀው ይንኳኳል። ኦርጅናሉ ውስጡ በሬዚን የተሞላ ድፍን ነው። ይሄን በቢላ ከፈትኩት፤ አንድ ዜነር፣ አንድ ተራ ፊውዝ፣ የተረፈው አየር። ትክክለኛው አንዱ ዜነር ቢበላሽ ሌላው እንዲይዝ ከአንድ በላይ አለው። ይህንን ሄክሳን አጠገብ ማሰር በሰው ነፍስ መጫወት ነው።

የአይሶሌተር ኮፒም ሞልቷል፣ እኔ ሳይ 15,000 አካባቢ ነበር። አንዱን ስሞክር የቫልቩን ሽቦ ነቀልኩት። ፒኤልሲው «ሰላም ነው፣ 12 እየሄደ ነው» ይላል! ጥሩዎቹ ሽቦው ሲቆረጥ ካርዱም እንዲያውቅ ያደርጋሉ። ስለዚህ ካሊብሬተር (ሚሊአምፔር የሚሰጥና የሚለካ መሣሪያ) ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ። 12 ስጡትና መውጫውን ክፍት ተዉት፤ መግቢያው አሁንም 12 ከተቀበለ ገንዘባችሁን ኪሳችሁ ውስጥ መልሱ። ሃርት (በዚያው ሽቦ ላይ የሚሄድ የመረጃ ምልክት) የሚያሳልፍ መሆኑንም ጠይቁ፣ አለዚያ ፖዚሽነሩን ከካርዱ በኩል ማነጋገር አትችሉም። የቮልትና የአምፔር ገደቡም ፖዚሽነሩ ላይ ከተጻፈው እንዳይበልጥ።

ባሪየር አይገዛም አልልም። አንድ ሁለት ሉፕ (ከካርድ እስከ ቫልቭ ያለ መስመር)፣ ኦሙ ዝቅ ያለ አሮጌ መቀየሪያ፣ ኧርዙን የሚለካ ሰው ካላችሁ ያዋጣል። ለሌላው እኔ አይሶሌተር ነኝ፣ ዶላሩ ከተለቀቀ በኋላ 46,000 ቢሉኝም። ብራንዱ ኤምቲኤልም ሆነ ፔፐርል ኤንድ ፉክስ፣ ኦርጅናል ይሁን እንጂ አልመርጥም።

ፒያሳ የደወለልኝን ልጅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩት፤ ካርዱ ስንት ኦም ይገፋል? ሄዶ አይቶ መልሶ ደወለ። 500። ለአራት ባሪየር ቀብድ ከፍሏል፣ አሁን ሊያስመልስ እየሄደ ነው።